የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የአርባ ቀን ስንጥቅ

ኤስፋንድ 18

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለመጪው ትውልድ ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህም የናህርባድን የጭቃ ከተማ ለእንግዳ በማስጎብኘት ስሙ የተጠራ ሰው ማስታወሻ ሳይተው ቢሞት፣ ጉዳቱ የሱ አይደለም፤ የአገር ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የግቢዬ አዲሱ ገንዳ ተጠናቀቀ። ንፋስ ይዞ ወደ ቤት ከሚያወርደው ግንብ እግር ሦስት እርምጃ ርቆ፣ በሰማያዊ ሸክላ ተለብጦ፣ ሰማዩን አዝሎ ተኝቷል። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የኤስፋንድ ወር አልቆ በፋርቫርዲን አንድ አዲስ ዓመት ሲገባ እንግዳው ከቴህራን ይጎርፋል፤ ገንዳ የሌለውን ግቢ ደግሞ ማንም ፎቶ አያነሳውም። ጭቃ ሠሪው ኡስታ ያዱላህ ገና ስናስቆፍር፣ «መምህር፣ ግንቡ ሥር ውሃ አታሳድር። ይህ ቤት እኮ እንደ ስኳር ነው» ብሎኝ ነበር። ኡስታ ጥሩ ጭቃ ያቦካል። ከዚያ ያለፈውን ለተማረ ሰው ቢተወው መልካም ነው።

ማሳሰቢያ፦ በግንቡ እግር ላይ አንድ ስንጥቅ አይቻለሁ። ስፋቱ የጥፍር ውፍረት። የጭቃ ቤት ይተነፍሳል። ምንም ማለት አይደለም።

ኤስፋንድ 22

ገንዳው ጠዋት ጠዋት ሁለት ባልዲ ጎድሎ ይገኛል። ፀሐዩ ነው።

ሚስቴ ኢራንዶኽት፣ «ፀሐዩ ውሃ የሚጠጣው ሌሊት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ስለ ትነት አስረዳኋት። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ስጨርስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ጥያቄ አልቀረባትም ማለት ነው።

ኤስፋንድ 27

ስንጥቁ የእርሳስ ውፍረት አለው። ያን ጊዜ የለካሁት በጥላ ስለነበር ልዩነቱ የብርሃን ነው።

የአባቴ እህት፣ አክስቴ ሾውካት፣ የምትተኛው ልክ ከግንቡ ሥር ባለው ክፍል ነው። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ክፍል ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ባሏን ቀብራ እዚያው ተመልሳለች። ንፋሱ በግንቡ ወርዶ ፊቷ ላይ ስለሚያርፍ፣ አገር ሁሉ በሙቀት ሲነድ እሷ ሻል ደርባ ትቀመጣለች። ዛሬ ጠራችኝ።

«ብርድ ልብሴ ላይ አፈር ይወርዳል።»

«አክስቴ፣ በረሃ ነው የምንኖረው። አፈር ይኖራል።»

«ሰማንያ አራት ዓመት ሙሉ በረሃው ውጭ ነበር። አሁን ምን ፈልጎ ገባ?»

ሰው ሲያረጅ እንደ ገጣሚ ይናገራል።

ፋርቫርዲን 2

ተጣድፌ ነው የምጽፈው። አርባ ሦስት እንግዳ። ሻይ አልቆ እንደገና ተጣደ። ጫማ በር ላይ ተደባልቋል። ድምፄ ተዘግቷል። ታላቅ ነገር ሆኗል፤ ከምሳ በኋላ እጽፋለሁ።

ያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ጥቁር መነጽር ያደረገች አንዲት የቴህራን ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቷን ወደ ግንቡ ቀሰረችና፣ «ይቅርታ መምህር፣ ይሄ ስንጥቅ ምንድን ነው? አይወድቅም?» አለች።

አርባ ሦስት አንገት ቀና አለ። ግማሹ አንገት ወዲያው ወደ በሩ ዞረ።

እኔም ሳልንተባተብ፣ «እመቤቴ፣ ይህ ስንጥቅ ሦስት መቶ ዓመት ቆሟል። ሁላችንንም ይቀብረናል» አልኩ። ከዚያ በኋላ አፌ እግዜር ይስጠው፣ ብቻውን ሄደ። የከተማው ገዢ ልጅ አንድ የውሃ ቦይ ቆፋሪ ወደደች። አባቷ ሰውየውን ከመሬት በታች ወዳለው ቦይ አውርዶ የቦዩን አፍ ደፈነበት። ልጅቱም መጥታ ከዚህ ግንብ ሥር ቆመች፤ አላለቀሰችም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰች። ግንቡ ተሰነጠቀ።

ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች። እንባዋ እየወረደ ነበር። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያስለቀስኩት በፈተና ብቻ ነው።

ይህን ውሸት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ውሸት አይደለም። ታሪካችን ክፍተት ነበረው፤ ሞላሁት።

ፋርቫርዲን 5

ጸጉሩን ቀለም የሚቀባው፣ ድምፅ ማጉያ በወገቡ የሚታጠቀው አስጎብኚ ሲያማክ፣ ዛሬ ብቻ ሦስት ቡድን ግቢዬ አምጥቷል። እሱ ሲያወራው ቆፋሪው ስም ወጥቶለታል፤ ልጅቱም መንታ እህት አግኝታለች። ከሁሉ የባሰው፣ ምኞቱን በወረቀት ጽፎ ስንጥቁ ውስጥ የከተተ ሰው ዓመቱ ሳያልቅ ይሳካለታል ማለት ጀምሯል።

ጥግ ስቤ፣ «ይህን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«አንተ ካመጣህበት ሰፈር ነዋ፣ መምህር።»

ወረቀቱን በቁልፍ ይገፉታል። በጸጉር መርፌ ይገፉታል። አንድ የከርማን ሰውዬ አልገባ ሲለው በማንኪያ ሰፋ አደረገው። ስንጥቁ ዛሬ ሌባ ጣቴን ያስገባል። ሆኖም ሰሞኑን በሥራ ብዛት ጣቴ ከስቷል።

ፋርቫርዲን 8

የክብር ቀን። ከቅርስ ቢሮ ኢንጂነር ናቢፑር ከሁለት ሰው ጋር መጣ። ስንጥቁን ፎቶ አነሳ፣ ለካ፣ ጎንበስ ብሎ ምኞቶቹን አነበበ።

«መምህር፣ ይህን የመሰለ ቅርስ አቅፈው ዝም ይላሉ?»

«እኔ ማን ነኝና፣ ኢንጂነር። የእግርዎ አቧራ ነኝ።»

«አቧራስ እኔ ነኝ። እርስዎ የከተማችን ዘውድ ነዎት።»

በናህርባድ ሰው ራሱን መሬት ላይ ካላነጠፈ ሰላም አላለም። ዳቦ ጋጋሪው ለዳቦው ዋጋ ስትጠይቀው «ለእርስዎ የማይመጥን ነው፣ ይውሰዱት» ይላል፤ ዋጋውን እንዲቀበልህ ሦስት ጊዜ ካልለመንከው ይቀየማል፤ ሳትከፍል የወሰድከው እንደሆነ ደግሞ እስከ ሌላው ገበያ ድረስ ያሳድድሃል። እኔና ኢንጂነሩም አቧራ ለመሆን ስንጋፋ ሻዩ በረደ።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ የብረት ሰሌዳ ተከሉ። «የናህርባድ ታሪካዊ ስንጥቅ። ዕድሜ፦ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ። መንካት፣ መድፈን፣ ማደስ በሕግ ያስቀጣል።»

ኢራንዶኽት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ደስ ይበልህ፤ የሚያፈሰው ገንዳህ ቅርስ ሆነ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ፋርቫርዲን 10

ምንጣፌን ወደ አክስቴ ክፍል አዛውሬያለሁ። ለቅዝቃዜው ብዬ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው።

«እየተንቀጠቀጥክ ቅዝቃዜ የምትፈልገው ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ።

«ለጤና ነው፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ለምን ፊትህን ወደ ግድግዳው አድርገህ ዓይንህን ሳትከድን ታድራለህ?»

ስንጥቁ ሁለት ጣት ያስገባል።

ፋርቫርዲን 13

የአዲስ ዓመት አሥራ ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ሰው ሁሉ ምሳውን ይዞ ወደ አትክልት ቦታ ወጣ፤ ዛሬ ቤት የዋለ ሰው ክፉ ዕድል ይከተለዋል ይባላል። አክስቴ ጉልበቷ ስለማይፈቅድ ቀረች። እኔም ለማንበብ ቀረሁ። መጽሐፉን አሁን አላስታውሰውም።

መንገዱ ጭር ሲል ኡስታ ያዱላህን አስጠራሁት። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገ፤ ጆሮውን ለጠፈ። ከዚያ ከስንጥቁ ሥር አንድ ቁራጭ ጭቃ ቆንጥሮ መዳፉ ላይ አድበለበለው። እንደ ሊጥ ተድበለበለ። ምንም ሳይናገር ድቡልቡሉን እጄ ላይ አስቀመጠው። እርጥብ ነበር።

«ሦስት መቶ ዓመት የደረቀ ጭቃ እንዲህ ይቦካል፣ መምህር?»

«ስንት ቀን አለው?»

«ዝናብ ካልመጣ ወር። ከመጣ የዛኑ ዕለት። ገንዳውን ማድረቅ፣ በባላ መደገፍ፣ እግሩን ከፍቶ የራሰውን ጡብ አውጥቶ በደረቅ መተካት ነው። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።»

«ነገ ጀምር።»

ኡስታ ወደ ብረት ሰሌዳው በአገጩ ጠቆመ። «ማንበብ ባልችል ኖሮ ዛሬውኑ እጀምር ነበር። አሁን ግን ችዬ ተገኘሁ። ከኢንጂነሩ ወረቀት አምጣልኝ።»

እሱ ሲሄድ ገንዳውን በባልዲ ቀድቼ አደረቅሁት። ለማጽዳት ነው።

ፋርቫርዲን 16

ቅርስ ቢሮ ሄድኩ። የማልፈራ ሰው ነኝ፤ እውነቱን ቁልጭ አድርጌ ለመናገር ቆርጬ ነበር የገባሁት። ውይይቱን ለትውልድ እንዳለ አሰፍረዋለሁ።

«ኢንጂነር፣ አላዋቂ ሰው ነኝ፤ ጥፋት ሠርቻለሁ።»

«ኧረ አይባልም፣ መምህር። ጥፋተኛስ እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅዎ ሳምንት አለፈ።»

«ስለ ስንጥቁ ነው። ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ባይነግሩንማ ኖሮ እንደሌለ ነበር። ልክ ነዎት፣ ለኛ ፈጠሩልን።»

«አልገባዎትም። ስንጥቁ የአንድ ወር ነው። ገንዳ አስቆፍሬ በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት። ደንቆሮ ነኝ።»

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለጸሐፊው፣ «አየህ?» አለው። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው። እኛ ሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፈን እንኮራለን፤ እሳቸው የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ጠብቀው ደንቆሮ ነኝ ይላሉ።»

አንድ ሳጥን ጣፋጭ ተሸክሜ ወጣሁ። በዚህ ወር ሃያ ስምንት በገዛ ግቢዬ፣ ከግንቡ ሥር፣ የምስጋና በዓል ይዘጋጅልኛል።

ፋርቫርዲን 18

በቃል ካልሆነ በጽሑፍ። አራት ገጽ ደብዳቤ፤ የገንዳው ጥልቀት፣ የጎደለው ባልዲ፣ የስንጥቁ ስፋት በየቀኑ። መግቢያው ላይ እንደ ወጉ፣ «ከአገልጋይዎ፣ ዕውቀት ከጎደለው ከፋራማርዝ» አልኩ። ያለዚያ ደብዳቤ አይባልም።

ፋርቫርዲን 20

ደብዳቤዬ በቢሮው ስብሰባ ላይ ተነብቧል። ሲያማክ ነው የነገረኝ። እስከ መግቢያው ብቻ ነው የተነበበው፤ ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

«መምህር፣ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ የምትዋረደው?» አለኝ ሲያማክ፤ ከልቡ ነው ያደነቀኝ። «እኔ እኮ ብሞክርም አይሆንልኝም።»

ፋርቫርዲን 22

ሦስት ጣት። አራተኛውን አልሞከርኩም።

አክስቴን ወደ ምሥራቁ ክፍል እንድትዛወር ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ ማለት ይቻላል።

«ለምን?»

«ለጊዜው ነው። ቀለም ልናስቀባ።»

«የጭቃ ቤት መቼ ነው ቀለም የተቀባው? አንተ ልጅ፣ እውነቱን ተናገር።»

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። እውነቱን ነገርኳት። ቀና ብላ ግንቡን አየችው።

«አባትህ ይህን ግንብ በየዓመቱ ራሱ ይመርገው ነበር» አለች። «ገንዳው እንግዳ ነው፤ እኔ የቤት ሰው ነኝ። እንግዳ ለማስተናገድ የቤት ሰው ይወጣል? አልወጣም።»

«ይወድቅብሻል።»

«እንግዲያው አንተም እዚሁ ነህ።»

ይህ ገጽ ላይ ያለው ጠብታ የሻይ ነው።

ፋርቫርዲን 27

ከምዕራብ ደመና። የአየር ትንበያው ለነገ ዝናብ አለ። ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ምንጣፍ እያነጠፉ፣ ወንበር እየደረደሩ ነው። ስልሳ ሰው ይጠበቃል። ለኢንጂነሩ ዛሬም ደወልኩለት፤ «ዝናብማ የእርስዎ በረከት ነው» አለኝ። ኡስታ ባላዎቹን በጋሪ አምጥቶ መንገድ ላይ ደርድሯል፤ ወረቀቱን ብቻ ይጠብቃል።

ፋርቫርዲን 28

አሁን በሥርዓት እጽፋለሁ።

እንግዶቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ሞሉ። ሲያማክ በማጉያው የሕይወት ታሪኬን አነበበ፤ ግማሹን እኔም አላውቀውም። አክስቴ ክፍሏ ውስጥ ነበረች፤ በሩን ከፍታ ለማየት እንኳ አልፈለገችም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ክቡራን፣ እኔ ውሸታም ነኝ» አልኩ።

ጭብጨባ።

«ስንጥቁ አርባ ቀን እንኳ አልሞላውም። ገንዳዬ ነው ያመጣው። የገዢው ልጅም፣ ቆፋሪውም፣ ትንፋሹም ከአፌ የወጡ ናቸው።»

«ውሸታሞቹስ እኛ ነን» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«እኛ የእርስዎ እግር አቧራ ነን» አለ ሌላው።

ኢንጂነሩ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። በዚያች ቅጽበት አንድ የዝናብ ጠብታ መነጽሬ ላይ አረፈ። ሌላው ምንጣፉ ላይ። ከግንቡ እግር አንዲት የምኞት ወረቀት ማንም ሳይነካት ወደቀች።

እዚህ ላይ የወሰድኩትን እርምጃ ላብራራ። በናህርባድ እንግዳ ልሂድ ሲል ባለ ቤቱ የእንግዳውን ካፖርት ይደብቃል፤ በአባቱ መቃብር ይምላል። ቤቱ እየተቃጠለ «ገና ምን ተቀመጡና» ያለ ሰው አውቃለሁ። እንግዳን የሚያባርር ቃል እዚህ ከተማ ውስጥ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ማንም ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

«ውጡ» አልኩ።

ፈገግ እንዳሉ ቀሩ።

«ውጡ ከቤቴ። አሁኑኑ። ሻይ የለም፣ ምሳ የለም። ማናችሁንም ማየት አልፈልግም።»

የኢንጂነሩ ሲኒ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። ሻይ የያዘችው ኢራንዶኽት ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ስንጋባም እንዲህ አላየችኝም። «ሰምታችኋል» አለች፤ «ውጡ ብሏል።»

በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አመኑኝ። ስልሳ ሰው በአንድ በር ተጋፋ። ማንም የገዛ ጫማውን አላገኘም፤ ሲያማክ በግራ እግሩ የሴት ጫማ አድርጎ ነው የወጣው።

ጫጫታው አክስቴን አስነሣት። ግድግዳ እየተደገፈች ብቅ አለች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አክስቴ። እንግዶቹን አባረርኩ።»

«የወንድሜ ልጅ?» አለች። «እንግዳ?» ነገሩን በዓይኗ ለማረጋገጥ፣ ጉልበቷንም ረስታ፣ እስከ ውጭው በር ድረስ ሄደች። የመጨረሻዋ ሴት ደጃፉን ስታልፍ አክስቴ ይቅርታ እየለመነቻት፣ እኔን እየረገመች ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከኋላችን ድምፅ የሰማነው። ትልቅ አልነበረም። የራሰ ጆንያ እንደ መውደቅ ያለ ነው። የግንቡ እግር በከፊል ወደ ክፍሉ ገባ።

ኢንጂነሩ መንገዱ ላይ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ወረቀቱን በሲያማክ ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈቃዱን ጻፈ። ከሥሩም፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ የአስጎብኚነት ካርዴን ሰረዘ። አቧራ ነኝ አላለኝም። ኡስታ ወረቀቱን ሳያነብ ባላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሮጠ። ቀሪው ግንብ ቆሟል።

የአክስቴን ብርድ ልብስ ከጭቃው ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኦርዲቤሄሽት 12

ገንዳው ተደፍኗል። ጭድና አፈር ውስጥ እስከ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ እረግጣለሁ፤ ኡስታ ከላይ ሆኖ፣ «ተረከዝህን፣ መምህር፣ ተረከዝህን» ይለኛል። ሥራው ለምሁር የሚመጥን ነው፤ እንዲያውም እግሬ ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል። አክስቴ ምሥራቁ ክፍል ውስጥ ሆና በመስኮት ትቆጣጠራለች። አራት ጊዜ ተሳድባለች፤ ደህና ናት።

ከተማው ሰላምታ ነፍጎኛል። ዳቦ ጋጋሪው የዳቦውን ዋጋ ወዲያው ይነግረኛል።

ዛሬ ጠዋት ከውጭ የሲያማክ ማጉያ ተሰማ። «ክቡራን፣ ይህ በናህርባድ ታሪክ እንግዳ የተባረረበት ብቸኛው ቤት ነው።» ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አሥራ ስምንት ሰው ቆሟል። ከፊት የቆሙት የሺራዝ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየዋ ስልኳን ለቪዲዮ አዘጋጅታለች።

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረ። «ጌታዬ፣ ካላስቸገርንዎ፣ ሊያባርሩን ይችሉ ይሆን?»

ጭቃ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ። «ምን ማለትዎ ነው» አልኩ፤ «ቤቱ የእናንተ ነው። እባካችሁ ግቡ።»

ምንጣፍ አነጠፍኩ። ኢራንዶኽት ሻይ ከነጣፋጩ አቀረበች። ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፤ ስለ ጭቃ፣ ስለ ጭድ፣ ስለ ተረከዝ እውነቱን ብቻ ነገርኳቸው። ማንም አላለቀሰም። እስከ በሩ ሸኘኋቸው፤ «ገና ምን ተቀመጣችሁና» አልኳቸው።

ሰውየው ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያማክን፣ «እርግጠኛ ነህ፣ ያ እንግዳ ያባረረው ሰውዬ እሱ ነው?» ሲለው ሰማሁ።